የሞት ፍርሃት ሲይዝ ምን ይደረጋል? በመሐል ከተማ ለሚኖር ምእመን የትጋት መመሪያ

ሞትን መፍራት በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ውስጡ ብዙ ነው። አንዱ ጣሩን ይፈራል። ሌላው ንስሐ ያልገባበትን ኃጢአት ይዞ መቆሙን ይፈራል። እናት «ልጆቼን ለማን ጥዬ» ትላለች። አንዳንዱ ምኑን እንደሚፈራ ሳያውቅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልቡ እየመታ ይባንናል። ለልጆቿ የምትሰጋ እናት የቱን ያህል ብትሰግድ፣ የቤቷን ነገር በወረቀት እስክታሰፍር ስጋቷ አይለቃትም። ኃጢአት የከበደው ሰው ደግሞ ንብረቱን በውል ቢያከፋፍልም ንስሐ ካልገባ እንቅልፍ አያገኝም። ብዙ ሰው ተግቶ ጸልዮ «አልለቀቀኝም» የሚለው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ስለሚያደርግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ነው።

ከዚህ በታች ያለው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተዘጋጀ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከለገሃር እስከ ስድስት ኪሎ ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው እንዲመች ተደርጓል።

አንደኛ፦ ፍርሃቱን ለ3 ቀን መመዝገብ

ትንሽ ደብተር ይያዙ። ፍርሃቱ በመጣ ቁጥር ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ነገር። «ማታ 4፣ አልጋ ላይ፣ ስልክ ላይ የሞት ዜና አየሁ።» «ጠዋት 2፣ ታክሲ ውስጥ፣ ደረቴን ወጋኝ።» ሐተታ አይጻፉ፤ ሐተታው ራሱ ፍርሃቱን ይቀጥለዋል። በ4ኛው ቀን ሲያነቡት አንድ ዓይነት ነገር ተደጋግሞ ያገኙታል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ፍርሃቱን ራሱን ኃጢአት አድርገው ነው። ጌታ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል (ማቴ. 26፥38)። ወዲያው ደግሞ ደቀ መዛሙርቱን «ትጉና ጸልዩ» አላቸው። ትጋትን ያዘዘው በዚያው በጭንቁ ሰዓት ነው። «እምነት ቢኖረኝ አልፈራም ነበር» እያሉ ራስን መውቀስ በፍርሃት ላይ ሌላ ሸክም መደረብ ነው።

ሁለተኛ፦ የንስሐ አባት መያዝ

የንስሐ አባት ከሌለዎት ታዋቂ ሰባኪ ፍለጋ አይሂዱ። በእግር ወደሚደርሱበት ደብር ይሂዱና በጽሕፈት ቤቱ በኩል ይጠይቁ። ቅርበት የሚያስፈልገው በኋላ ስለሚጠቅም ነው፦ በሕመም ቀን ቤት ድረስ የሚመጡት፣ በዕረፍትም ቀን ለፍትሐት የሚቆሙት እኚሁ አባት ናቸው።

ቀኑን ይምረጡ። በ23 አራዳ ጊዮርጊስ፣ በ7 አራት ኪሎ ሥላሴ ሄዶ ካህን አነጋግራለሁ ማለት አይሆንም፤ ሕዝቡ አያስቆምም፣ ካህናቱም ከአገልግሎት አይወጡም። የሚሻለው በዓል ያልሆነ የሥራ ቀን፣ ጠዋት የኪዳን ጸሎት ካለቀ በኋላ ነው። ቀርበው «ይፍቱኝ አባቴ» ይበሉ፤ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይሉዎታል፤ መስቀል ተሳልመው የመጡበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፦ «ሞትን እፈራለሁ፣ ንስሐ ገብቼ አላውቅም፣ ልጅዎ ያድርጉኝ።» ይበቃል። ለኑዛዜው ሌላ ቀን ይቀጥሩዎታል።

ለዚያ ቀን ኃጢአትዎን በሦስት ዓምድ ይጻፉ፦ ሐልዮ (በማሰብ)፣ ነቢብ (በመናገር)፣ ገቢር (በመሥራት)። ብዙ ሰው ገቢሩን ብቻ ተናግሮ ይመለሳል። የሞት ፍርሃት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው በሐልዮ ውስጥ ነው፤ ለዓመታት የተያዘ ቂም፣ «እሱ ሲሞት እኔ ለምን ቀረሁ» የሚል ጸጸት፣ በእግዚአብሔር ላይ ያለ ኩርፊያ። ሲናዘዙ የሌላውን ሰው ስምና በደል አያንሡ፤ ታሪክ አያርዝሙ፤ «እሱ ስላናደደኝ ነው» አይበሉ። በስልክ የሚደረግ ኑዛዜ አይቁጠሩ፤ ስልክ ለቀጠሮ ነው። ሲጨርሱ ወረቀቱን ያቃጥሉት፤ ቦርሳ ውስጥ ተረስቶ ትዳር ያፈረሰ ወረቀት አለ።

ቀኖና (ለንስሐ የሚታዘዝ ጾም፣ ስግደትና ጸሎት) ሲሰጥዎ የጤናዎን ሁኔታ ሳይደብቁ ይናገሩ። የስኳር፣ የጨጓራ፣ የኩላሊት ሕመም፣ እርግዝና፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ጾሙና ስግደቱ በልኩ ይሆናል። ስግደት በቅዳሜና በእሑድ፣ በጌታ በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ እንዲሁም ከቆረቡ በኋላ አይሰገድም፤ ሲቆጥሩ እነዚህን ቀናት ይዝለሉ። ያልታዘዘ ስግደት በራስ ላይ ጨምሮ በ2ኛው ሳምንት ጉልበት ሲያልቅ ሁሉንም መተው የተለመደ ውድቀት ነው።

ሦስተኛ፦ ሰዓቶቹን መጠበቅ

ቤተ ክርስቲያን በቀን 7 የጸሎት ጊዜ አላት። መነሻው «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰገንሁህ» የሚለው የዳዊት ቃል ነው። ሞትን ለሚፈራ ሰው የሰዓቶቹ ምስጢር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ አብዛኞቹ የጌታን ሕማም፣ ሞትና ትንሣኤ ይዘዋልና። ጠዋት 12 ሰዓት ነግህ ነው። 3 ሰዓት ሠለስት፣ መንፈስ ቅዱስ የወረደበት። ቀን 6 ሰዓት የተሰቀለበት፤ 9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት፤ 11 ሰዓት ሠርክ፣ ከመስቀል ወርዶ ወደ መቃብር የገባበት። ማታ 3 ሰዓት ንዋም፣ በጌቴሴማኒ የጸለየበት። ሌሊት 6 ሰዓት መንፈቀ ሌሊት፣ ልደቱና ትንሣኤው የሚታሰብበት፣ ዳግም ምጽአቱም የሚጠበቅበት። በየቀኑ በዚህ የሚያልፍ ሰው እርሱ ቀድሞ የሄደበትን መንገድ ይለምደዋል።

ስልክዎ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ማንቂያውን በ6፣ 9፣ 12፣ 15፣ 17፣ 21 እና 24 ይሙሉ። ግን ሰባቱንም በአንድ ቀን አይጀምሩ። ቢሮ የሚውል ሰው በዚህ ተራ ቢሄድ ይሻላል፦

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነግህና ንዋም ብቻ። ለእያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ፦ በስመ አብ ብሎ ማማተብ (ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ)፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ የዳዊት መዝሙር፣ 12 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። ግዕዙ የማይገባዎ ከሆነ በአማርኛ ያንብቡ፤ ሳይገባ የሚነበነብ ጸሎት ሐሳብን አይይዝም፣ ፍርሃቱም ከጎን እያወራ ይቀጥላል።

በ3ኛው ሳምንት የቀን 6 እና 9 ሰዓትን ይጨምሩ። እነዚህ ቢሮ ውስጥ ይውላሉ፤ ስለዚህ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ቆም ብሎ በልብ ማማተብ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት። ታክሲ ሰልፍ ላይም ይሆናል፤ እንደውም የሜክሲኮ ሰልፍ ለአንድ ውዳሴ ማርያም ይበቃል። ሠለስትና ሠርክ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

መንፈቀ ሌሊትን በየቀኑ መነሣት ለሠራተኛ አንመክርም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይፈራል፤ ይህ ሥጋዊ እውነት ነው። በሳምንት አንድ ሌሊት፣ ለምሳሌ ለእሑድ አጥቢያ፣ በቂ ነው። ባለትዳር ከሆኑ ለትዳር ጓደኛዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ዳዊትን ሙሉውን መድገም የሚፈልጉ ሥርዓቱን ይወቁ። 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ነው፤ 10 መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል። ሰኞ 1–30፣ ማክሰኞ 31–60፣ ረቡዕ 61–80፣ ሐሙስ 81–110፣ ዓርብ 111–130፣ ቅዳሜ 131–150 ይደገማል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ለጀማሪ ይህ ብዙ ነው፤ በቀን አንድ መዝሙር እያሉ ይሂዱ። ቁጥሩ እንዳያሳስትዎ፦ በዳዊቱ 22 የሆነው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ 23 ነው፤ 90 የሆነውም 91 ነው።

አራተኛ፦ ሌሊት ሲባንኑ

ይህን ክፍል በወረቀት ገልብጠው ከራስጌ ያስቀምጡት፤ በዚያ ሰዓት ማስታወስ አይቻልም።

ተኝተው አይታገሉት። ይቀመጡ፣ እግርዎን መሬት ያስረግጡ፣ መብራት ያብሩ። ያማትቡ። ፊትዎን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ፤ ጠበል ካለ ይቅመሱ። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን መዝሙር (በዳዊቱ 90) ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ቤተሰብ ካለ በሹክሹክታ። «ከሌሊት ግርማ» አትፈራም የሚለው እዚያ ነው። ድምፅ የሚያስፈልገው አፍና ጆሮ ሲያዙ ሐሳቡ የሚሮጥበት ስፍራ ስለሚያጣ ነው። ቀጥሎ መቁጠሪያ ይዘው 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፣ አንዱን በአንድ ረጅም ትንፋሽ። ችኩል ቆጠራ ልብን ያስሮጣል።

ስልክ አይንኩ። ለሐሳቡም መልስ አይስጡ። «ነገ ብትሞትስ?» ሲል «አልሞትም» ማለት ክርክር መክፈት ነው፤ «ዛሬም ነገም በእጁ ነኝ» ብለው ወደ ንባቡ ይመለሱ። ሕልም አይተው ከሆነ ፈቺ አይፈልጉ፣ ለጎረቤትም አያውሩ፤ ካስጨነቀዎ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ጠንቋይ ደጅ የደረሰ ብዙ ሰው ጉዞውን የጀመረው «ሕልሜን ላስፈታ» ብሎ ነው።

አንድ ነገር ይለዩ፦ ደረትን የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ጸሎት እያደረጉ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሐኪም ልብዎ ደኅና ነው ካለ በኋላም ከ2 ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ካስጠላዎ፣ ወይም መሞትን መመኘት ከመጣ የአእምሮ ሐኪም ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ከሆነ ደግሞ ቀን አይቁጠሩ፣ ዛሬውኑ ይሂዱ፣ ብቻዎንም አይሁኑ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው የታዘዘለትን ክኒን አያቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

አምስተኛ፦ ሐሳብን በበሩ ላይ መያዝ

ትጋት ማለት እንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ማየት ነው። በሮቹ አምስቱ ሕዋሳት ናቸው፤ በዚህ ከተማ ዋናው በር ዓይን ነው፣ ዓይንም ስልክ ላይ ይውላል። በ3ቱ ቀን መዝገብዎ ላይ የአደጋ ቪዲዮና የሞት ዜና ከተደጋገመ፣ ከማታ 2 ሰዓት በኋላ አይመልከቱ። ማታ በንዋም ጸሎት ጊዜ 5 ደቂቃ ቀኑን በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ይፈትሹ፤ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ። ከዚህ በላይ የሚፈትሽ ሰው ብዙም ሳይቆይ ራሱን ሲያኝክ ያድራል።

ስድስተኛ፦ ቁርባን

ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው» ያለው ራሱ ነውና (ዮሐ. 6፥54)። ከተማችን ውስጥ ግን «ለሽማግሌና ለሕፃን ነው» ተብሎ ተትቷል።

ስሌቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመቁረብ በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት የሚቆርብ ሰው የመጨረሻ ምግቡን የሚቀምሰው ቅዳሜ ቀን 9 ሰዓት ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት እራት በልቶ የመጣ ሰው 13 ሰዓት ብቻ ቆይቷል። ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ በሚሆንበት የጾም ቀን፣ 9 ሰዓት ላይ ለመቁረብ ከዋዜማው ማታ 3 ሰዓት ጀምሮ ምንም አይቀመስም፤ ውኃም ቢሆን። ባለትዳሮች የሚታቀቡበትን ቀን ልክ ከንስሐ አባታቸው ይጠይቁ። ቅዳሴው ከመጀመሩ በፊት ይድረሱ፤ እሑድ ንጋት ላይ ታክሲ እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው የቅርብ ደብር ይምረጡ ያልነው። የተጣሉት ሰው ካለ ከዚያ በፊት ይታረቁ፤ ብቻዎን ካልቻሉ ሁለት ሽማግሌ ይላኩ። ያኛው ወገን እንቢ ካለ እንቢታውን ለንስሐ አባትዎ ይናገሩ፤ በእርስዎ በኩል ያለው ተፈጽሟል።

ሰባተኛ፦ ቤትን ማሰናዳት

«ወገባችሁ የታጠቀ መብራታችሁም የበራ ይሁን» የሚለው ቃል (ሉቃ. 12፥35) ወረቀትንም ይጨምራል። «ኑዛዜ ከጻፍኩ ሟርት ይሆናል» የሚል ወሬ አይስሙ።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው በራስ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጻፍ ነው፤ «ይህ ኑዛዜዬ ነው» የሚል ቃል፣ ቀንና ፊርማ ይኑርበት። በ7 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሁለተኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፦ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ይጻፋል፤ ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት በጋራ የሚያደርጉት ኑዛዜ አይጸናም፤ ፍቅር ቢመስልም ሁለት ወረቀት ይሁን። የጋራ ንብረት ከሆነ ድርሻዎን ብቻ ይናዘዙ። የሚወርስ ሰው ምስክር ባይሆን ይመረጣል፤ ጠብ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ከኑዛዜው ለይተው የቤት ደብተር ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የክርስትና ስምዎን ይጻፉ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ካህኑ ለፍትሐት «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ሲሉ ቤተሰቡ እርስ በርስ የሚተያይበት ለቅሶ ብዙ ነው። ወላጆችዎ በሕይወት ካሉ ዛሬ ይጠይቋቸው፤ የእነሱንም ይጻፉ። ቀጥሎ የንስሐ አባት ስምና ስልክ፣ የሰበካ ጉባኤ አባልነት ደብተር የት እንዳለና እስከ መቼ እንደተከፈለ፣ የዕድሩ ስምና የጸሐፊው ስልክ። በዕድሩ መዝገብ ላይ የትዳር ጓደኛ፣ የወላጅና የልጅ ስም በትክክል መመዝገቡን ሄደው ይዩ፤ ከአራዳ ወይም ከካዛንቺስ በልማት ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱ ሰዎች በአሮጌው ዕድር ይቆዩ ወይስ አዲስ ይግቡ የሚለውን ቁርጥ ያድርጉ። የሁለቱም መዋጮ ተቋርጦ የሚገኘው ድንኳን በተፈለገበት ቀን ነው። ከዚያ ዕዳ፦ ለማን፣ ስንት ብር፣ በምን ማስረጃ። የሚቀበሉትም እንደዚሁ። ተዝካርን በተመለከተ ልክ ይወስኑና ይጻፉ፤ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ በጸሎተ ፍትሐትና ለነዳያን በሚሰጥ ምጽዋት ይሁን ብለው በእጅዎ ካሰፈሩ ቤተሰብዎ ይሉኝታ ይዞት ተበድሮ አይደግስም።

ስምንተኛ፦ ሞትን በቀን ማሰብ

ሞትን ማሰብ የታዘዘ ነው፤ ሰዓት ይፈልጋል እንጂ። አልጋ ላይ አይደለም፤ ቀን፣ ቆሞ፣ ለ10 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ። አራት ኪሎ ለዚህ የሚመች ሰፈር ነው። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን፣ በቅርቡ ባለው በበዓታ ለማርያም ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ አርፈዋል። እዚያ ቆሞ «ነፍስ ይማር» ብሎ አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ መመለስ ነው። ሐዘን ከደረሰበት 40 ቀን ያልሞላው ሰው ይህን ይለፈው።

ከመቃብር ይልቅ የሚያስተምረው የታመመ መጠየቅ ነው። በወር አንድ ጊዜ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ ወይም ምኒልክ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የመጠየቂያ ሰዓቱን በር ላይ ካለው ጥበቃ ይጠይቁ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ጠያቂ የሌለውን ታማሚ ነርሶቹ ያውቁታል። ምግብ ከመስጠትዎ በፊት ይፈቀድለት እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ሳሙና፣ ሶፍትና ካርድ ግን ሁልጊዜ ይጠቅማሉ። ብዙ አያውሩ፣ «አይዞህ ትድናለህ» ብለው ተስፋ አይሸጡ። ከፈለገ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14ን ያንብቡለት። ጣርን ብቻ የሚፈራ ሰው ከዚህ የበለጠ መድኃኒት አላየንለትም፤ ከሩቅ ሲያስበው የገዘፈበት ነገር በአልጋው አጠገብ ሲቀመጥ የሰው ፊት ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን ሁሉ ይዘው ከ3 ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት መዝገብ አውጥተው ያወዳድሩ። ፍርሃቱ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ የሚታየው ለውጥ የሚመጣበት ቀን መራራቁና ቶሎ ማለፉ ነው። ካልቀነሰ በመዝገቡ ላይ የለዩትን ዓይነት እንደገና ይዩት፤ ብዙ ጊዜ የተዘለለ ደረጃ አለ፣ በአብዛኛው 2ኛው ወይም 7ኛው። የቤት ደብተሩን ደግሞ በየዓመቱ በጳጉሜን ያድሱ፤ ዓመቱ የሚያልቅበት፣ ምጽአት የሚታሰብበት ወቅት ስለሆነ አይረሳም። ስልክ ቁጥሮቹን ያስተካክሉ፣ የተከፈለውን ዕዳ ይሰርዙ፣ ደብተሩ የት እንደሚቀመጥም ከቤት ውስጥ ቢያንስ ለሁለት ሰው ያሳዩ።